አባቴን ያልጫንኩባት ሞተር

አዲስ ሞተር መጀመሪያ ስትሞቅ አንድ ሽታ አላት። ማርሚታው፣ ጭስ ማውጫው ላይ ከፋብሪካ የተቀባው ነገር ሲቃጠል የሚመጣ ሽታ ነው፤ ግማሹ የቀለም፣ ግማሹ የጎማ፣ ትንሽ ደግሞ እንዳረረ ስኳር የሚጣፍጥ። ጥቂት ቀን ይቆይና ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያቺ ሞተር ዕድሜ ልኳን እንደዚያ አትሸትም። ዛሬ ጠዋት እዚህ አዋሽ፣ የጎረቤታችን ልጅ ትናንት የገዛትን ሞተር በር ላይ አስነስቶ ሲያሞቃት ሽታው አጥሩን ተሻግሮ መጣብኝ። ያጠብኩትን ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነበር፤ ውሃው ክንዴ ላይ እየተንጠባጠበ ቆሜ ቀረሁ። የታየኝ ሰመራ ነው። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ደጃፌ ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ ነው።

ላጫውትህ።

ያኔ ሰመራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ግን እዚሁ አዋሽ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ሐዲድ ጠጋኝ። እናቴ ገና ትንሽ ሳለሁ ስላረፈች እናትም አባትም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት በብስክሌቱ ኋላ አስቀምጦኝ ትምህርት ቤት ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወደ ጣቢያው ይሄዳል። እኔ ጉንጬን ጀርባው ላይ ለጥፌ እንቅልፌን እጨርሳለሁ። ሸሚዙ ሁልጊዜ ግራሶና ሳሙና ይሸት ነበር።

ሥራዬ ፍየልና ግመል መከተብ ነበር። ፍየልና ግመል ደግሞ ቢሮ ድረስ አይመጡም። የመሥሪያ ቤቱ መኪና አንድ ቀን ጎማ ያጣል፣ አንድ ቀን ሾፌሩ ይታመማል፣ አንድ ቀን ደግሞ ኃላፊ ይዞት ይወጣል። እኔ የክትባቱን ሣጥን ታቅፌ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ፤ በረዶው ይቀልጣል፣ ፀሐይዋ ትከራለች፣ ቀኑ ይመሻል። ከእንደዚህ ያሉ ቀኖች በአንዱ፣ ከመቀመጫዬ ተነሳሁና ሎግያ ወርጄ ሞተር ለመግዛት ወሰንኩ።

ባለ ሱቁ ዝቅ ያለች፣ ቀላል፣ ባለ ቅርጫት ሞተር አሳየኝ። «ለሴት ይቺ ትመቻለች» አለኝ። እኔ ግን ዓይኔ ከጀርባዋ የቆመችው ላይ ነበር። ረጅም፣ ጥቁር፣ ጎማዋ ጥርስ ያለው፣ ለጠጠርና ለአሸዋ የተሠራች። ላያት ወጥቼ ስቀመጥባት ሁለቱም እግሮቼ መሬቱን የነኩት በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነበር።

«ጉልበቷ አንቺ ከምትፈልጊው በላይ ነው» አለ ባለ ሱቁ።

«ይሁን፤ እሷን ነው የምፈልገው» አልኩት።

ማታ ለአባቴ ደወልኩ። ሞተር ገዛሁ አልኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፦

«ፍሬኗስ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ሞክረሽዋል?»

«እንዴት አድርጌ አባዬ? መንዳት አልችል!»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። የስልኩ ድምፅ እየተቆራረጠ ሳቁን ሰማሁት፤ በዚያ የበረሃ ከተማ የተከራየኋት አንዲት ክፍል የሞላች መሰለኝ።

በግቢው ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ የምትኖረው ትራፊክ ፖሊስ ነበረች። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ድምፅዋ ትልቅ፣ ልቧም ትልቅ። ሞተሬ ከሎግያ ተጭና መጥታ ግቢ ስትገባ፣ እሷ ከሥራ ገብታ ፊቷን ትታጠብ ነበር። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች።

«የማን ናት?»

«የእኔ።»

«ትነጃለሽ?»

«እማራለሁ።»

«ከማን ነው የምትማሪው?»

እጇን ዘረጋች። «አቦ፣ ቁልፉን አምጪ! እኔ ከዚህ አስፋልት ላይ ስንት ሰው ነው የማነሳው? አንቺን ደግሞ ላነሳ ነው? ወላሂ አላነሳም። እኔ አስተምርሻለሁ፤ እስክትማሪ ድረስ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው።»

እውነትም ቁልፉ እሷ ዘንድ አደረ። ፀሐይ ሳትከር ጎህ ሲቀድ ትቀሰቅሰኝና ከከተማው ጀርባ ወዳለው ሜዳ እንወጣለን። ሰመራን ካየህ ታውቀዋለህ፤ ጥቁር ድንጋይ እስከ ዓይን ዳርቻ፣ በመካከሉ ሰፋፊ መንገድ፣ መንገዱ ላይ ደግሞ ከነፋስ በቀር ብዙ የሚሄድ ነገር የለም። በዚያ ሰዓት ድንጋዩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ሰማዩ እንደ ዕንቁላል አስኳል ነው። ከሩቅ፣ ከሎግያ በኩል፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ተሳቢዎች ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማል።

መጀመሪያ ላይ ሞተሯን ማስነሳት እንኳ አልፈቀደችልኝም። «ግፊያት» አለችኝ። ገፋኋት። «ጣያት» አለችኝ። «ምን?» ስል በጎኗ አስተኛቻት። «አሁን አንሺያት።» ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ወገቤን ሳይሆን ጉልበቴን ተጠቅሜ፣ በላብ ተጠምቄ አነሳኋት። «የማታነሻትን ሞተር አትነጂም» አለችኝ፤ ያን ቀን ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ከዚያ ፍሪሲዮን መጣ። ቶሎ ስለቀው ትዘልብኛለች፣ ቀስ ስለው ትጠፋብኛለች። ጉልበቷ ያስፈራ ነበር። እጄን ትንሽ ጠምዘዝ ሳደርግ ከሥሬ አንድ አውሬ ተነስቶ የሚሮጥ ይመስለኛል። አንድ ጠዋት እንዲህ አድርጋ ይዛኝ ሄዳ አሸዋ ውስጥ ጣለችኝ። ሄልሜቱ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ እየሰማሁ ተጋድሜ ቀረሁ። ትራፊኳ ሮጣ አልመጣችም። ቀስ ብላ እየተራመደች መጥታ ከላዬ ቆመች።

«ምን አየሽ?» አለችኝ።

«አሸዋውን አይቼ ፈራሁ።»

«እኮ! አሸዋውን አየሽ፤ አሸዋው ውስጥ ገባሽ። ልትሄጂበት የምትፈልጊውን እዪ እንጂ የምትፈሪውን አትዪ። ተነሽ።»

እንደዚህ እንደዚህ እያልን ፍሬኑን በሁለቱም በኩል አመጣጥኖ መያዝ፣ ጠጠር ላይ የፊቱን አለመንካት፣ ግመል መንገድ ዳር ሲታይ አንዱ ከተሻገረ ሌሎቹም እንደሚከተሉ አውቆ መቆም፣ ተሳቢ ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ገፍቶ ቀጥሎ ወደ ራሱ እንደሚስብ አውቆ ጉልበትን የነዳጅ ታንከሩ ላይ መግጠም፣ ሁሉን ተማርኩ። በዚያ ሙቀት ወፍራም ጃኬትና ጓንት ማድረግን ተማርኩ። «ላብ ይታጠባል» ትለኝ ነበር፣ «ቆዳ ግን ከአስፋልት ላይ ተጠርጎ አይመለስም።»

መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁ ዕለት ቁልፉን በእጄ አስቀመጠችልኝ። ግን እጇን ወዲያው አላነሳችም።

«አንድ ነገር ብቻ። እኔ በቃ እስክልሽ ድረስ ማንንም ከኋላሽ አታስቀምጪም። ሰው ስትጭኚ ሌላ ሞተር ነው የምትነጂው። ፍሬኑ ሌላ ነው፣ መታጠፊያው ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የማነሳው ከኋላ የተቀመጠውን ነው፤ ነጂው ቆሞ ያለቅሳል። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁላት። ስገባም ከልቤ ነበር።

አሁን የምነግርህ ከሁለት ሰው በቀር ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነው።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ የውሃ ባለሙያ ነበረ። ሳቂታ፣ እጅጌውን ሁልጊዜ እስከ ክርኑ የሚጠቀልል፣ ሲያወራ ዓይን ዓይን የሚያይ። በመካከላችን ምንም አልነበረም፤ እኔ ግን እንዲኖር እፈልግ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሎግያ ገበያ ሸምቼ ስወጣ መንገድ ዳር ቆሞ አየኝ። ባጃጆቹ ሁሉ ሞልተው ያልፋሉ።

«እግረ መንገድሽን አታደርሽኝም?» አለኝ።

ሰው አልጭንም ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ና ውጣ» የሚል ነበር።

ከሎግያ ሰመራ ሩቅ አይደለም። በቀስታ ነዳሁ። እጁን ትከሻዬ ላይ አላሳረፈም፤ የጃኬቴን ጨርቅ ብቻ በሁለት ጣቶቹ ይዞ ነበር። ነፋሱ ከኋላችን ነበረ፣ ፀሐይዋ ድንጋዩ ላይ እየወረደች ነበረ፣ እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀላል ሆኜ አላውቅም። ሲወርድ «አንቺ ጎበዝ ነሽ እኮ» አለኝ። ያን ቃል ይዤ ስንት ቀን ከረምኩ። ለትራፊኳ ምንም አልነገርኳትም። አንድ ጊዜ ነው፤ ምንም አልሆነም፤ አልቋል አልኩ ለራሴ።

አባቴ የመጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጥር ነበር፤ ሰመራ ለሰው የምትመችበት ጊዜ። ከአዋሽ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ አቧራ ለብሶ፣ ለእኔ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ወረደ። «አንቺን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ይበል እንጂ ግቢ እንደገባ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሞተሯ ነው። ዞራት። ጎማዋን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ሰንሰለቷን ጎንበስ ብሎ አየ። ፍሬኗን ጨበጥ ለቀቅ አደረገ።

«ማሻአላህ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው!» አለች ትራፊኳ ከበሯ ላይ ሆና። «አባባ፣ ልጅዎን በደንብ ነው ያስተማርኳት። አይስጉ።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አላት። «እኔማ ሌሊት ሌሊት ስለዚች ሞተር ሳስብ እንቅልፍ የለኝም ነበር። አሁን አንቺን ሳይ እተኛለሁ።» እውነትም ያን ሌሊት መሬት ላይ በተነጠፈለት ፍራሽ ላይ ሲያንኮራፋ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ፍራሹ ላይ የለም። ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ደጃፉ ላይ ቆሟል። የባቡር ዘመኑን ወፍራም ጃኬት ለብሶ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። የጫማውን ክር አጥብቆ አስሮ ጫፉን ወደ ውስጥ ወትፎታል፤ ሰንሰለት እንዳይዘው መሆኑ ነው። አንገቱ ላይ የእኔን ሻርፕ ጠምጥሟል። ጢሙን ተላጭቷል። ጃኬቱን ከአዋሽ ይዞ የመጣው፣ ያንን ሁሉ መንገድ በሻንጣው ውስጥ የተሸከመው፣ ለዚህ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«እስከ አስፋልቱ ጫፍ ብቻ» አለኝ፤ እንደ ልጅ አፈረ። «ቀስ ብለሽ። ስንት ዓመት በብስክሌት ጫንኩሽ፤ አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው።»

የመጣልኝን ሁሉ አስታውሳለሁ። መጀመሪያ የመጣው ፍርሃት ነው። ለውሃ ባለሙያው ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልፈራሁም ነበር። አባቴ ግን፣ ያ ሽማግሌ፣ ያ ጢሙን ተላጭቶ የቆመ ሰው፣ ከኋላዬ ወድቆ፣ ትራፊኳ ያለችኝ ሆኖ፣ እኔ ቆሜ ሳለቅስ ታየኝ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገርም መጣ፤ ይህንን አልደብቅህም። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት በዚያ መንገድ ላይ ይዞራሉ፤ አባቴ ደግሞ የሴት ሻርፕ ጠምጥሟል። ለአንዲት ቅጽበት ነው። ግን መጣ።

«አባዬ፣ አይሆንም» አልኩት። «ትራፊኳ እስክትፈቅድልኝ ሰው አልጭንም። ቃል ገብቼላታለሁ።»

«ማንንም?»

«ማንንም።»

ይህን ቃል ፊቱን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ናት» አለ። «ደንብ ከሆነ ደንብ ነው። እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። ሐዲዱ ካልታየ የጣቢያው አለቃም ቢመጣ አያልፍም።» ከዚያ ጃኬቱን መፍታት ጀመረ። ከላይኛው ቁልፍ ጀምሮ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል። ሻርፔን አጣጥፎ አልጋዬ ላይ አስቀመጠ። ተመልሶ ሲወጣ ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ «በይ እንግዲያው ብቻሽን ነድተሽ አሳዪኝ» አለኝ።

ነድቼ አሳየሁት። መንገዱ ዳር ቆሞ፣ እጁን ከዓይኑ በላይ ጋርዶ፣ ስሄድም ስመለስም አየኝ። በአጠገቡ ሳልፍ ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘልኝ፤ ድሮ ባቡር ሲያልፍ እንደሚያደርገው።

እሑድ ምሳ ልጋብዘው ወደ አንድ አሳ ቤት ወሰድኩት። ከአፋምቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣ አሳ በምድጃ ጠብሰው፣ ሎሚና ዳጣ፣ ትኩስ ቂጣ አድርገው ያቀርባሉ። አባቴ የበረሃ ሰው ስለሆነ አሳ እንደዚያ ሲሠራ አይቶ አያውቅም ነበር፤ እጁን እያሻሸ ተቀመጠ። ገና መብላት ስንጀምር የውሃ ባለሙያው ገባ። አየንና መጣ። ጎንበስ ብሎ አባቴን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«የእሷ አባት ነዎት? ደስ ይላል! ልጅዎ ምን የመሰለች ነጂ መሰለችዎት? ባለፈው ከሎግያ እዚህ ድረስ ጭናኝ መጣች፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታንገጫግጨኝ!»

ክፋት አልነበረውም። አባቴን ደስ ሊያሰኝ ነው። እኔ ቂጣው እጄ ላይ ደረቀ። ምድጃው ሲንጣጣ ይሰማኛል፣ ከውጭ አንድ ተሳቢ ሲያልፍ የመስታወቱ በር ይንቀጠቀጣል፤ ወደ አባቴ ማየት ግን አልቻልኩም።

«ከልጅነቷም ጠንቃቃ ናት» አለ አባቴ። ድምፁ አልተለወጠም። «እንኳን በሰላም ደረስክ፣ ልጄ። ተቀመጥ፣ ብላ።»

ልጁ አመስግኖ ሄደ። አባቴ አሳውን ማገላበጥ ጀመረ። ከጀርባው በኩል ያለውን ወፍራም ሥጋ በጣቶቹ ለየ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀመ፣ ንጹሑን ወደ እኔ በኩል ገፋው።

«ብዪ፤ ይቀዘቅዛል» አለኝ።

በላሁ። ምን እንደበላሁ አላውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ነፋሱ አወራ፤ ስለ መንገዱ ስፋት አወራ፤ እዚህ አገር ዛፍ ቢተከል ይጸድቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። «አባዬ» አልኩት አንዴ። «እ?» ብሎ ቆመ፤ ሙሉ በሙሉ ዞሮ እየጠበቀኝ። «ምንም» አልኩ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኩት። መስኮቱን ከፍቶ «ጓንትሽን አትርሺ» አለኝ። አውቶቡሱ ሲወጣ ጃኬቱ ጭኑ ላይ ታጥፎ ይታየኝ ነበር።

ከሥራ ስመለስ ትራፊኳ በሯ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉን ዘረገፍኩት፤ የሎግያውንም፣ የቅዳሜውንም፣ የአሳ ቤቱንም። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ሩዙን አስቀመጠችና አየችኝ።

«ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም?»

«ቃል ገብቼልሽ…»

«አቦ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ እኮ! ቅዳሜ ሥራ አልነበረኝም። ብታንኳኪ፣ እኔ ራሴ ከጎንሽ እየሮጥኩ፣ አባትሽን እስከ አስፋልቱ ጫፍ ወስደን እንመልሰው ነበር። ያን ያህል ቀስ ተብሎ ሲነዳ ማን ይወድቃል? እኔ ያንን ያልኩሽ እንደዚያኛው ላሉ፣ መንገድ ላይ ቆመው ለሚያስጎመጁሽ ነው። ለአባትሽ ነው እንዴ?»

ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። ግድግዳውን ማንኳኳት ብቻ ነበር።

እኔም አሰብኩ፦ ለፋሲካ ሞተሬን ይዤ አዋሽ እሄዳለሁ። ጃኬቱን አስለብሼ፣ ጥሩ ሄልሜት ገዝቼ፣ በጣቢያው በኩል፣ በትምህርት ቤቱ በኩል፣ በአዋሽ ሰው ሁሉ ፊት አዞረዋለሁ። ትራፊኳም ከኋላዬ እየተቀመጠች አሠለጠነችኝ። አንድ ጊዜ እስከ ሰርዶ ድረስ ሄደን ተመለስን፤ ከኋላ ሆና «ትከሻሽን ልቀቂ፣ እንደ ሸክም አትሸከሚኝ፣ እኔ ካንቺ ጋር እታጠፋለሁ» ትለኝ ነበር። ሰርዶ ላይ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ «በቃ» አለችኝ። «አሁን ማንንም መጫን ትችያለሽ።»

ግን ፋሲካ ሲደርስ የክትባት ዘመቻ ወጣና በዓሉን ገጠር ዋልኩ። ከዚያ ሙቀቱ ገባ። «ትንሽ ሲበርድ እመጣለሁ አባዬ» አልኩት በስልክ። ስለምን እንደምመጣ አልነገርኩትም፤ ድንገት ደርሼ ላስደስተው ነበር። «አትቸኩዪ፤ መንገዱ የትም አይሄድ» አለኝ።

ነሐሴ ላይ ጎረቤታችን ደወለች። አባቴ ግቢው ውስጥ ወድቆ ተገኝቷል፤ በሕይወት አለ፣ ግራ ጎኑ ግን አልታዘዝ ብሎታል። ስልኩን ዘግቼ ሄልሜቴን አነሳሁ። ትራፊኳ በሩ ላይ ተገትራ ቆመች።

«ቁልፉን።»

«አባቴ…»

«ሰምቻለሁ። በዚህ ልብሽ አትነጂም። ዓይንሽ መንገዱን አያይም። ሁለታችሁንም ላነሳ አልፈልግም።» ቁልፉን ከእጄ ፈልቅቃ ወሰደችና እየጎተተች መንገድ ዳር አወጣችኝ። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ የመጣ አንድ ተሳቢ በእጇ አስቆማ፣ ሾፌሩን «እህቴ ናት፣ አደራ» ብላ ጋቢናው ላይ ሰቀለችኝ።

አባቴ ተረፈ። ንግግሩ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን አልተመለሱም። ዝውውር ጠይቄ አዋሽ ገባሁ። ነገር ሁሉ ሲረጋጋ ሰመራ ሄጄ ሞተሬን አመጣኋት። ያን መንገድ ብቻዬን ነዳሁት፤ በሚሌ፣ በገዋኔ፣ ቀኑን ሙሉ። የተማርኩትን አንዱንም አላጓደልኩም። ተሳቢዎቹ ሲያልፉ ጉልበቴን ገጠምኩ፣ ግመሎቹ እስኪያልቁ ቆምኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ጥላ ባገኘሁበት አረፍኩ። በደንብ ነዳሁ። ማንም ቢያየኝ ያመሰግነኝ ነበር።

አባቴ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር ወንበሩ ላይ ነበር። ሞተሯን አጠገቡ አቆምኩለት። ቀኝ እጁን ዘርግቶ ታንከሯን ነካት። «ትሞቃለች» አለ። ብዙ ሳልቆይ ገዋኔ ለሚሠራ ለአንድ ጤና ረዳት ሸጥኳት። ሳልሸጣት አባቴ ስወጣና ስገባ ከሞተሯ ላይ ዓይኑን አይነቅልም ነበር፤ ወይም እኔ መሰለኝ።

ካቻምና፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት፣ ጢሙን ስላጨው ነገርኩት። ፊት ለፊቱ ሆኜ ብናገረው እንደማይሆንልኝ ስለማውቅ ምላጩን ይዤ ከጎኑ ቆሜ ነው። «አባዬ፣ ሰመራ የመጣህ ጊዜ፣ ጫኚኝ ብለኸኝ እንቢ ያልኩህ… ማንንም አልጭንም ብዬ ዋሽቼሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

አረፋው ጉንጩ ላይ እየደረቀ ነበር።

«እኔ ነኝ ጫኚኝ ያልኩት?»

«አዎ። ጃኬትህን ለብሰህ።»

«እኔ?» አለ እንደገና፣ ቃሉን በቀኝ በኩል ባለው አፉ እየገፋ። «አይ ልጄ፣ ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ ሞተር እፈራለሁ እኮ። መቼም አልወጣባትም።»

ዓይኑን አየሁት። ረስቶት እንደሆነ፣ ወይስ ውሸቴን አውቆ ሊያሳርፈኝ ፈልጎ እንደሆነ፣ ፈለግሁ፤ ከዚያ ፊት ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ግማሹ አይናገርም፣ ግማሹ ፈገግ ብሎልኛል።

«ፀሐይዋ እግሬ ላይ መጣች» አለኝ። «ወደ ጥላው አስጠጊኝ።»

ምላጩን አስቀምጬ ጎንበስ አልኩለት። ጤነኛ ክንዱን አንገቴ ላይ ጠመጠመ፤ አረፋው ሁሉ ጉንጬ ላይ ተለቀለቀ። ሙሉ ክብደቱን ጣለብኝና ቀስ ብለን ተነሳን።